ቅቤ የሸተተው ድስት

ትናንት ልጄ ያደረ የምስር ወጥ ከፍሪጅ አውጥቶ ሊደፋ ሲል እጁን ያዝኩት። «አባዬ፣ አዲስ ይሠራል እኮ» አለኝ። ያደረ ምግብ መናቅ ጥጋብ ነው፤ ጥጋብም ክፉ አስተማሪ ነው። ከወጡ ጨልፌ አሙቄ ፊቱ በላሁ።

በሃምሳዎቹ ዓመታት ደብረ ብርሃን ውስጥ እትዬ ዘነበች ከሚባሉ ባልቴት ግቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ቀን ለግንበኛ ድንጋይ አቀብላለሁ፤ ማታ ብቻዬን ከተዋስኩት መጽሐፍ ጋር እታገላለሁ። እናቴ ከአንኮበር ለቅዳሜ ገበያ በሚመጣ ጎረቤት ወፈር ያለ የምስር ወጥ በቆርቆሮ ትልክልኛለች። ቆርቆሮውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ የዚያ አገር ውርጭ ወጡን ያጠጥረዋል እንጂ አያበላሸውም። የዕለቱን ብቻ ቆርሼ በእትዬ ምድጃ ላይ አሞቃለሁ።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሸክላ ድስቴን ጣድኩ። ወጡ መንተክተክ ሲጀምር ግቢውን የቅቤ ሽታ ሞላው። ለካ በገና የእናቴን ዶሮ ወጥ ያሞቅሁበት ድስት ነው። በአመድ ፈትጌው ነበር፤ ግን ሸክላ የጠጣውን ቅቤ እሳት ሲነካው መልሶ ያወጣል። የጾም ድስት ለብቻው የሚቀመጠው ለዚህ መሆኑን እኔ ወንደላጤው ከየት ልወቅ?

እትዬ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ደረሱ። «ጾም የሚገድፍ እኔ ቤት አያድርም። ቆርቆሮውንም ድፋና ዕቃህን ጠቅልል» አሉ። ከዚያ ክፍል መውጣት ወደ ሞፈሩ መመለስ፣ መጽሐፉንም መርሳት ነበር።

«ድስቱ ገድፎ ይሆናል እንጂ እኔስ አልገደፍኩም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ድስቱን ንስሐ አስገባዋ!»

ጎረቤቶች ሳቁብኝ። የድስቱን ለውሻ ሰጠሁ። ቆርቆሮውን ግን ደረቴ ላይ ያዝኩት፤ እናቴ ጾማ የሠራችውን በድስት ሽታ ብቻ አላስፈርድበትም።

«ይህን በእርስዎ የጾም ድስት ያሙቁት። ቅቤ ከሸተተ አሁኑኑ እወጣለሁ» አልኩ።

በሰው ፊት እምቢ ማለት አልቻሉም፤ ጣዱት። ሁሉም ምድጃው ላይ አጎነበሰ። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ሸተተ። እትዬ ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ «በል እንጀራህን አምጣ፣ ሳይቀዘቅዝ» ብቻ አሉኝ። እስከ ፋሲካ ወጤ የሞቀው በእርሳቸው ድስት ነው።

ይህን ለልጄ ብነግረው ሳቀ። ይሳቅ። ዛሬም ቢሆን ሰው ድፋ ስላለኝ ብቻ አልደፋም፤ አሽትቼ፣ ቀምሼ እፈርዳለሁ። ከምስሩ አንድ ጭልፋ ያህል ቀርቷል። ነገ ይሞቃል።