ግቢዬ በሰው የሞላባት ዓርብ

ይህ የሆነው ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን፣ እኔም ከመተከል ተመድቤ አሶሳ በመጣሁ በዓመቱ ነው። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዚያች ዓርብ ነገር ግን እናቴን ባስታወስኩ ቁጥር አብሮ ይመጣል። ድሮ እየሳቅሁ ነበር የማወራው። አሁን ሳቁ እስከ መጨረሻ አያደርሰኝም።

እናቴ የምትኖረው ቡለን ነበር። ቡለንና አሶሳ በካርታ አንድ ክልል ናቸው። በመንገድ ግን በቻግኒ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ በነቀምት ዞሮ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ ለመዞር የቆረጠችው የእኔ ብቻዬን መክረም አላስችል ብሏት ነው። ችግሩ ጉልበቷ ነበር። አልታጠፍ ስላላት ጉድጓድ ሽንት ቤት መጠቀም አትችልም። "እንዴት ልሆን ነው?" ብላ በሰው ላከችብኝ። እኔም መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት አለኝ፣ ምንም አታስቢ ብዬ መለስኩላት።

አለ መባሉስ አለ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ቤት በደርግ ጊዜ የተሠራ ነው። ከግድግዳው ወደ ሽንት ቤቱ ውኃ ሳጥን የሚሄደው ቱቦ አርጅቶ ቀን ከሌት "ስስስ" ይላል። ውኃ እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ ደርቋል፣ ማሰሪያው ጥርሱ ተበልቷል፤ ወለሉ ሁልጊዜ ኩሬ ነው። አንድ እግሯን የምታነክስ አሮጊት እዚያ ላይ ብትንሸራተት አለቀላት።

ዓርብ አመሻሽ ላይ እንደምትገባ ስሰማ ፈቃድ ወሰድኩ። ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የገባ አዲስ ቱቦ ከነጎሚኒው ከገበያ ገዝቼ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። የውኃው መዝጊያ ያለው ከግቢዬ ውጭ፣ ከጎኔ ባለው መስጊድ አጥር ሥር በተቆፈረች ጉድጓድ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የእኛን ተርታ ቤቶች ብቻ ነው የሚዘጋው ይል ነበር። ጎረቤቶቼን አስፈቅጄ፣ ለማንኛውም ብዬ በርሜሌን ሞልቼ ዘጋሁት። አሮጌውን ቱቦ ፈትቼ አዲሱን አሰርኩ። መዝጊያውን ልከፍት ስመለስ እጀታው ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። በእጄ ብል፣ በፒንሳ ብል አሻፈረኝ አለ።

ከእሱ ጋር ስታገል የጁምዓ ሰዓት ደረሰ። ለካ የመስጊዱም ቧንቧ ከዚያው መስመር ኖሯል።

ከሶላት በፊት ታጥበው ውዱ ሊያደርጉ የመጡት ሰዎች ቧንቧው ደረቅ ሲሆንባቸው ወደ እኔ መጡ። ከፊት የሚመጡት ሼህ ኢድሪስ የሚባሉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። ከሩቅ ሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ለአገሩ እንግዳ ነኝ፤ የመስጊድ ውኃ፣ ያውም በጁምዓ፣ ዘግቼ መክፈቻውን ሰብሬያለሁ። የቱቦውን እርጅና፣ የእናቴን ጉልበት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላቸው።

ሼህ ኢድሪስ እጀታውን ተቀብለው አገላበጡት።

"አሮጌ ነው። ዕቃ ተሰበረ፣ ሰው አልተሰበረ" አሉ። "ቤት ውስጥ ውሃ አለ?"

በርሜሌን ከፈትኩላቸው። በየተራ እየቀዱ ግቢዬ ውስጥ ታጥበው ለሶላት ሄዱ። በዚህ አለቀ ብዬ እፎይ ስል፣ ሶላቱ እንዳበቃ ተመልሰው መጡ። ከመካከላቸው አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና ትልቅ መፍቻ ይዟል። እየተቀባበሉ ሲታገሉት መዝጊያው ዞረ፤ የመስጊዱ ቧንቧ ውኃ መጣለት። አሁን ይሄዳሉ ስል ሼህ ኢድሪስ "የእናትህስ?" አሉኝ። ሁሉም ተከተሉኝ።

እኔ ሽንት ቤት ገባሁ፣ እነሱ ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። አዲሱም ቱቦ "ስስስ" ይል እንደሆነ ለመስማት ሼህ ኢድሪስ ሰዉን ጸጥ አሰኙ። ጀለቢያ የለበሰ ግቢ ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ የእኔን ሽንት ቤት ያዳምጣል። እንደዚያን ቀን ተከብሬ አላውቅም።

በዚህ መሀል የግቢው በር ተከፈተ። እናቴ ናት። መንገድ ላይ መንዲ አድራ፣ አውቶቡሱን ሳትጠብቅ ማለዳ በተነሣ መኪና ተሳፍራ፣ ቤቴን እያጠያየቀች ቀድማ ደርሳለች። ያየችው የልጇን ግቢ፣ የተሰበሰበ ወንድና የተደፋ አንገት ነው። ልጇ ግን የለም። ጓዟን ጥላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ "ልጄን! ልጄን!" እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። ሰዎቹም መርዶ የሰማች ሴት መስላቸው ተነሥተው ለሟች ለሚደረገው ጸሎት፣ ለፋቲሃ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

ጩኸቱን ሰምቼ ሱሪዬን እንደ ጠቀለልኩ፣ አሮጌውን ቱቦ እንደ ያዝኩ ወጣሁ። እያነከሰች መጥታ ፊቴን ዳሰሰችኝ፣ ትከሻዬን ዳሰሰችኝ። ከዚያ ቱቦውን አየች።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?"

"ሽንት ቤት እየጠገንኩ ነው፣ እማዬ።"

"ለሽንት ቤት?"

"ለሽንት ቤት አይደለም" አሉ ሼህ ኢድሪስ። "ለእናት ጉልበት ነው።"

እናቴ እኔን ተደግፋ ሳቀች፣ መልሳ አለቀሰች። ሰዎቹም ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። ቱቦው ጠብ አላለም።

ለትንሽ ጊዜ ብላ መጥታ ቀረች። ያን ሁሉ መንገድ መልሼ አልዞርም አለች። ሼህ ኢድሪስ ባገኟት ቁጥር ጉልበቷን ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር። እሷም እሳቸውን ስታይ ደረቷን እየደቃች በራሷ ትቀልዳለች።

ከዓመታት በኋላ እዚያው አሶሳ አረፈች። ከቀብር መልስ ግቢዬ ሞላ። ሼህ ኢድሪስ በሰው ተደግፈው መጥተው ከዚያው ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ዓይኔን ከግቢው በር ላይ መንቀል አቃተኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ "ልጄን!" እያለች የምትገባ መስሎኝ ጠበቅኳት።