ጸበል የጠጣው ኦፓል

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ላሠራ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ሰፈር አንድ ጋራዥ ተገትሬ ሳለሁ፣ የጋለ ብረትና የጋዝ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲመታው፣ መካኒኩ ስለ ፍሬኑ የሚያብራራልኝን ትቼ በሐሳብ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ጋሽ ሙላት ኩሽና ውስጥ ገባሁ። የገባሁትም እንደ ድሮው ተናድጄ ነው። ሰው ወጣትነቱን ሲያስታውስ ሆዱ ይባባል ይላሉ፤ እኔን ግን ያንን ኩሽና ባሰብኩ ቁጥር የሚቀድመኝ ብስጭቱ ነው።

ጋሽ ሙላት እዚያ በምንኖርበት ሕንጻ፣ እኛው ፎቅ ላይ ጎረቤታችን ነበሩ። አገር ቤት ሳሉ ከአባታቸው የተማሩት የብር አንጥረኝነት ነበራቸው፤ እዚህ ቀን ቀን የመኪና ማቆሚያ እየጠበቁ፣ ከሥራ ሲመለሱ ከምድጃቸው አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ መስቀልና የአንገት ሐብል ይሠራሉ። እኔ ኮሌጅ ጀማሪ ነበርኩ። የወሎ ኦፓል የሚሉት የከበረ ድንጋይ በየሰው ሻንጣ ቶሮንቶ መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ የእህቴ የሰናይት እጮኛ አረንጓዴና ቀይ እሳት ውስጡ የሚንቀለቀል አንድ ድንጋይ ይዞላት መጣ። እኔ ደግሞ ማን አፌን እንደከፈተው እንጃ፣ የሠርግሽን ቀለበት በእጄ እሠራልሻለሁ ብዬ ፎከርኩ። አመኑኝና ሌላ ቀለበት አልገዙም።

እንደ ጋሽ ሙላት ያለ አስተማሪ ለጠላቴም አልመኝም። ብሩን ቀጥቅጬ፣ አጥፌ፣ በይጄ፣ በሞረድ ሞርጄ፣ ጣቴ እስኪላጥ ፈትጌ ሳቀርብላቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ማንም የማያየውን የቀለበቱን የውስጥ ጎን ያገላብጡና አቅልጪው ይሉኛል። ምን አጠፋሁ ስላቸው፣ ራስሽ እዪው ነው መልሳቸው። እያረርኩ አቀልጠዋለሁ፣ እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ። አንድ ቀን ጭሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን አስጩኾት የሕንጻው ሰው ሁሉ በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ወጥቶ ሲንቀጠቀጥና እኔን በዓይኑ ሲበላኝ፣ እሳቸው መሐል ላይ ቆመው ብየዳዬ ለምን እንደከሸፈ ያስረዱኝ ነበር። እቤት ስገባ ደግሞ እናቴ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትለኛለች። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ሠርጉ ያልፋል ብላት ማን ሊሰማኝ።

ሠርጉ ቅዳሜ ሊሆን፣ በዚያው ሳምንት ጊዜው ስላለቀ ይሁን ወይ ስለወደዱት ሳይነግሩኝ፣ ጋሽ ሙላት ድንጋዩን አስገቢ አሉኝ። ትንፋሼን ይዤ የብሩን ጠርዝ ዙሪያውን ገፋ ገፋ አድርጌ ኦፓሉን አቀፍኩት። አማረ። ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ዓርብ ከኮሌጅ ስመለስ መሳቢያው ባዶ ነው። ቀለበቱን እኛው ኩሽና ውስጥ፣ በብርጭቆ ጸበል ተነክሮ አገኘሁት። እናቴ፣ ያልተባረከ ቀለበት የልጄ ጣት ላይ አይገባም ብላ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ነክራው ሄዳለች። ሳወጣው አረንጓዴውም የለም፣ ቀዩም የለም፤ የመስኮት ስባሪ መስሏል። የወሎ ኦፓል ውኃ እንደሚጠጣ ያኔ ማን ነግሮኝ።

ኮሪደሩን በካልሲ ሮጬ የጋሽ ሙላትን በር ደበደብኩ። ወደ መብራቱ ጠጋ አድርገው ብዙ አዩት።

«ድንጋይ እኔ አላውቅም፤ አባቴም አያውቁ» አሉ። ቀጥለው ገለበጡትና በአውራ ጣታቸው ውስጡን ዳሰሱት። «ብሩ ግን ልክ ነው።»

ክረምቱን ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ነበር፤ እሳቸው ግን ቀን መርጠው መርጠው ያንን ቀን አመጡት። ቆሽቴ አረረ፤ እዚያው በራቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ሰናይት ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ኢትስ ኦኬ፣ ማንም ኖቲስ አያደርግም» አለችኝ። በዚያው ቀለበት ተዳረች። የሠርጉን ፎቶዎች ብታዩ፣ እጇ ሁልጊዜ ከአበባው ሥር ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ድንጋዩ የጠጣው ውኃ ደርቆ እሳቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። እናቴ፣ ጸበሉ ክፉውን ነገር አስወጥቶለት ነው እያለች ሐበሻ በሚበዛበት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ አወራች። ጋሽ ሙላት ግን አላዩትም፤ ሠርጉን ብቻ ነበር የሚጠብቁት፣ በማግሥቱ ካልጋሪ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ እኮ ተመለሰ። እሳቱ እንደነበረ ነው።»

«ጥሩ» አሉ። «ብሩስ?»

«ብሩማ ምን ይሆናል፣ ጋሼ።»

«እኮ» አሉኝ።

እዚያው ካልጋሪ አረፉ። እኔ ዛሬ ቅዳሜና እሑድ ገበያ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ በእጄ የሠራሁትን እሸጣለሁ። ሰዉ ቀለበቱን አንስቶ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ ለምን ለምን እንደሚበጅ፣ ከየትኛው የልደት ወር ጋር እንደሚሄድ ይጠይቀኛል፤ ደንበኛ ነውና ፈገግ ብዬ እመልሳለሁ፣ ውስጤ ግን ይበግናል። እኚያ አናዳጅ ሽማግሌ ይናፍቁኛል። ብሩስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከእሳቸው ወዲህ የለም።