ደህና ናት የተባለችው ልጅ

የዚያን ዕለት እኔ ነበርኩ፤ ሴት ልጄ ነበረች፤ የጓሮውን ክፍል ከእኛ የተከራዩት ሁለት የፋብሪካ ልጆች ነበሩ፤ የባጃጁ ሹፌርና የጤና ጣቢያዋ ነርስም ነበሩ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር።

ሁለቱ ተከራዮች ቂሊንጦ በፈረቃ ይሠራሉ። አንዷ ስትገባ አንዷ ስለምትወጣ አንድ ፍራሽ ይበቃቸዋል። ትኋን ቢያስቸግራቸው ታናሺቱ ለእህል የሚረጭ የተባይ መድኃኒት በውሃ ፕላስቲክ አስቀድታ ገዛች። ፍራሹን ረጨችው፤ በሩን ዘግታም የቀን እንቅልፏን ተኛችበት።

ጓደኛዋ ከሥራ ገብታ ስትጮህ ሮጥኩ። ልጅቷ ላብ በላብ ሆናለች፤ ምራቋ ይዝረበረባል፤ የዓይኗ ብሌን ጠብቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል። መርዝ ሲባል እኛ የምናውቀው ወተት ነውና ወተት ይዤ መጣሁ።

"እትዬ፣ ባጃጄ ካፌ አይደለም! ወተቱን ይተዉትና እግሯን ይያዙልኝ" አለ ጓደኛዋ ከመንገድ ጠርታ ያመጣችው ሹፌር።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ልብሷን አስወልቃ አሳጠበቻት፤ መርፌም ደጋግማ ወጋቻት። ምን እንደሆነች ስጠይቅ እንዲህ አለችኝ፦

"ልብ የሚመታው፣ ምራቅ የሚመነጨው እኛ አዝዘነው አይደለም፤ ነርቭ ነው። ነርቭ መልእክቱን በንጥረ ነገር ይልካል፤ ልብም ሳንባም ላይ ተቀባይ አለ። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ንጥረ ነገሩ መጠረግ አለበት። ይሄ መርዝ ጠራጊውን ያዘው፤ ትእዛዙ አልቆም አለ።"

"መርፌውስ?"

"ተቀባዩ ላይ ይቀመጥና መልእክቱን አላስገባም ይላል።"

ቆይታ ልጅቷ "እትዬ፣ ውሃ፤ አፌ ደረቀ" አለችኝ። ፊቷ ቀልቷል፤ ብሌኗ ሰፍቷል። ልትሞት ነው ብዬ ጮህኩ። ነርሷ ሳቀች። "እልል ይበሉ እንጂ! መድኃኒቱ መሥራቱ ነው።" እልል አልኩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ትንፋሿ ግን ስላልጠራ በአምቡላንስ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላኳት። ጓደኛዋ አብራት ሄደች፤ እኔ ልጄን ይዤ ቀረሁ።

ከቀናት በኋላ ጓደኛዋ መጥታ የሁለቱንም ልብስ ሸከፈች። "ደህና ናት፤ ቤተሰቦቿ አገሯ ወሰዷት" አለችኝ። ዓይኔን አላየችም። ከዚያ በፊት በር ላይ ከባለቤቴ ጋር ሲንሾካሾኩ ነበር። ድንጉጥ መሆኔን ያውቃል። እኛ ዘንድ ለድንጉጥ ሰው መርዶ ወዲያው አይነገርም፤ እስኪመቻች ድረስ ደህና ነው፣ ደህና ናት ይባላል። እኔ ራሴ ለእናቴ እንዲያ ብያለሁ።

ባለቤቴን ስጠይቀው "ደህና ናት አልኩሽ እኮ!" ይለኛል። የልጅቷም የጓደኛዋም ስልክ አይሠራም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይደልቃል፤ አፌ ይደርቃል። ይህንንም እኔ አላዘዝኩትም።

ልጅቷ ጠይም፣ ቀጭን ናት፤ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። የመጣችው ከአርባ ምንጭ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። ሞታም ከሆነ ላልቅስላት። በሕይወት አለች ወይስ የለችም? የምታውቁ ንገሩኝ።