የሰዓዳ የልጅ ልጆች

አሪፋ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ምላሷ ስለት፣ ሚዛኗ ግን ልክ። ዘርሽ ከየት ነው ሲሏት «የአርጎባ ነጋዴ ዘር ነኝ» ትላለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አያቷ ሰዓዳ በቀወት ቆላ፣ በአንድ ባላባት ቤት፣ በገንዘብ የተገዛች ባሪያ ነበረች። አሪፋ በልጅነቷ ከመንደሩ ስለወጣች ይህን የሚያውቅባት የአጎቷ ልጅ ኑርሃን ብቻ ናት።

ኑርሃን ግን የራሷን አልደበቀችም። «የሰዓዳ የልጅ ልጅ ነኝ» እያለች እዚያው መንደር ኖረች፤ አጥንት ተቆጥሮባት ያለ ባል ሃምሳ ዓመት ሞላት። አሪፋ አግብታ ወልዳ፣ ልጇን ሒክማን ለኸድር ልጅ አጭታለች። ኸድር ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጥር የማይጋባ ሰው ነው።

ዘንድሮ የባላባቱ የልጅ ልጅ ሸህ ጀይላን ሐጅ ሊሄዱ ተነሱ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ሐቁን የበላበትን ሁሉ ይቅርታ ጠይቆ፣ አፉ አስብሎ ነው የሚወጣው። እሳቸውም «የሰዓዳ ሐቅ አንገቴ ላይ ነው፤ አርባ እግር ማንጎዬን ለዘሯ ሰጥቻለሁ» አሉ። ወሬው ሮቢት ሲደርስ አሪፋ ሽንኩርት እየመዘነች ነበር፤ ለአንዱ ገዢ ሳታውቀው ሁለት ኪሎ አስበልጣ ሰጠችው።

አንጀቷ አረረ። «ለኑርሃን? እሷ ምን አደረገችና? ስሸሽግ፣ ስሳቀቅ የኖርኩት እኔ!» አይ አሪፋ! ባልም ልጅም እያላት፣ ባል ባጣችው ትቀናለች። ቅናት ደግሞ ዳኛ አይፈልግም።

ጁምዓ ዕለት፣ ከስግደት በኋላ፣ «ላየው ብቻ ነው» ብላ በባጃጅ ወደ መንደሩ ሄደች። ሰው ማንጎው ጥላ ሥር ተሰብስቧል፤ ኸድርም ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጧል። ሸህ ጀይላን ምርኩዛቸውን ጥለው ኑርሃን ፊት ተንበረከኩ።

«አፉ በይኝ፣ ልጄ። የአያትሽን ዕድሜ በልተናል።»

ኑርሃን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አሪፋ ማንጎውን ረሳችው። ያን የሚያህል ሽማግሌ ለኑርሃን ጎንበስ ሲል፣ ለእሷ ግን በዕድሜዋ ማንም ጎንበስ ብሎላት አያውቅም። ያቃጠላት ይሄ ነው።

«ሌላ የሰዓዳ ዘር አለ?» ብለው ጠየቁ ሸህ ጀይላን።

ኑርሃን አሪፋን አየቻት፤ ወዲያው ዓይኗን መለሰች። «የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ» አለች። ገመናዋን ልትሸፍንላት ነው። ይሄ ደግሞ ባሰ!

«ዋሸች!» አሪፋ ብድግ አለች። «እኔም የሰዓዳ የልጅ ልጅ ነኝ! እኔንም አፉ በይኝ ይበሉኝ!»

ኸድር ኩታውን ሰበሰበና ተነስቶ ሄደ። የሒክማ ሰርግ እዚያው ላይ ቀረ። አሪፋ ግን አልተቀመጠችም።

ሸህ ጀይላን እንደተንበረከኩ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺም አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

የተመኘችው ቃል መጣ። አሪፋ ኸድር የተነሳበትን ባዶ ቦታ አየች።

«አልልም» አለች። «አሁን አላዩም? ያያቴን ዕድሜ ብቻ መሰልዎ የበላችሁት? የልጄንም ሰርግ በላችሁ እኮ! ማንጎውን ግን እካፈላለሁ፤ የእኛ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ኑርሃን ዞረ። ኑርሃን በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«እኔስ መቼ አፉ አልኩ?» አለች።