ሦስት ኮሌታ ያለው ኮት

የከተማው ሰው ልብስ ሰፊውን «ጋሽ ነገ» ነበር የሚለው። ሱሪህን ልትወስድ ስትሄድ «ነገ ና» ይልሃል፤ ነገ ስትሄድም ያው ነገ ነው። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰውዬ! አንድ ጎረምሳ ያስለካውን ሸሚዝ የተረከበው ቦርጭ ካወጣ በኋላ ነው። አቤት ሲሉት ደግሞ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ በፈገግታ ያበርድሃል፤ ተናደህ ገብተህ ሌላ ሱሪ አዘህ ትወጣለህ።

ታዲያ ይህ ሰው አስማተኛም ነበር። ያለችው አንዲት አስማት ብቻ ናት፣ ከአባቱ የወረሳት። በሜትሩ የለካው ሁሉ፣ ልብሱ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ድረስ የከተማውን ድልድይ መሻገርም ሆነ በሰው ላይ እጁን ማንሳት አይችልም። አባትየው ጠበኞችን ያበርድባት ነበር። ልጅየው ግን ምንም እንደማያውቅ ሰው አፉን ዘግቶ ኖረ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጉድ ፈላ። ሰባት ሺህ አጋንንት ከጥቁሩ ተራራ ወርደው፣ ያገኙትን እያቃጠሉ ወደ ከተማው እየመጡ ነው ተባለ። ከተማው በወንዝ የተከበበ ነው፤ መውጫው አንዱ ድልድይ ብቻ ነው። ሰዉ ልጁን አዝሎ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ግማሹ ተሻግሮ አመለጠ። የቀረው ግማሽ ግን ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ እግሩ ወይ ፍንክች።

ዳቦ ጋጋሪውና አስተማሪው ጎን ለጎን ተገትረው ተያዩ።

«አንተ እሱ ሰውዬ ጋ ምን አለህ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ የልብስ ሰፊው አባት አስማት ትዝ ብሎት።

«ካፖርት። አንተስ?»

«ሁለት ሱሪ።»

ነገሩ ያኔ ገባቸው። እየተንጋጉ ሱቁን ሞሉት፤ ከፊት ሆና የገባችው የገዛ ሚስቱ ናት፣ ሻንጣዋን እንደያዘች።

«አረንጓዴው ቀሚሴ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አለችው። «ድልድዩ ጋ እግሬ አልሄድ ሲለኝ ‹ጉልበትሽ ነው› እያልክ ቅባት ትቀባኝ ነበር።»

ጋሽ ነገ የሚገባበት ጠፋው። በተጋቡ በዓመታቸው ተጣልተው፣ «አንድ ቀን ጥዬህ እሄዳለሁ» ብላው ነበር። በማግስቱ ነው ለቀሚስ የለካት።

«ከጨረስኩት ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ» አላት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

እሷ ሻንጣዋን አስቀምጣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እሱም የሰዉን ልብስ በአንድ ጠዋት ሰፍቶ እንደማይጨርስ አወቀ። በሱ ጦስ የታሰረው ሰው ሁሉ ሊያልቅ ነው፤ እሷም ጭምር። ሜትሩንና ጠመኔውን አንስቶ ብቻውን ወደ ድልድዩ ሄደ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን እንኳ የእውነት የጉልበት ነገር ነው።

አጋንንቱ ሰማዩን በጭስ አጥቁረው መጡ። ከፊት አለቃቸው፣ ሦስት ራስ፣ ሁለት ክንፍና አንድ ረጅም ጅራት ያለው።

«ብቻህን ከወጣህ ጠንቋይ ሳትሆን አትቀርም፤ ጥንቆላህን አሳየንና እንብላህ» አለ መሐለኛው ራስ።

ጋሽ ነገ ከላይ እስከ ታች ገረመመው። ሙያው ፍርሃቱን አስረሳው።

«በዚህ ኮት ነው ከተማ የምትገባው? ጀርባው ተቀዷል፣ ክንፍህ ያለ ቀዳዳ በጉልበት ወጥቷል። ለመሆኑ ማነው የሰፋልህ?»

ሦስቱ ራሶች ተያዩ። ግራው አፈረ። ቀኙ፣ «እኔ ድሮም ብያለሁ» አለ።

«ዞር በል» አለው ጋሽ ነገ፣ ሜትሩን እየዘረጋ። ትከሻውን ለካ፣ ክንፉን ለካ፣ ጅራቱን ሁለት ጊዜ ለካ። አንደኛው ራስ ክብ ኮሌታ፣ ሌላው ሹል ኮሌታ ሲሉ ተጨቃጨቁ፤ ሦስተኛው ኮሌታ ያንቀኛል አለ። ከኋላ ያሉት «እኛስ?» ማለት ጀመሩ። ከዚያማ ምኑ ይወራል፤ ሰባት ሺህ አጋንንት ቀንዳቸውን እያበሱ ተሰለፉ። ሆዱን የሚነፋ፣ ሆዱን የሚያስገባ፣ ሲለካ የሚኮረኩረው እየተንከተከተ መሬት ላይ የሚንከባለል፣ ጉድ ነበር። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ተለክተው አለቁ።

«መቼ ይደርሳል?» አለ አለቃው።

«ነገ» አለ ጋሽ ነገ። በሕይወቱ እንዲህ ጣፍጦት ብሎት አያውቅም።

አጋንንቱ ማዶ ሰፈሩ፤ እስከዛሬም እዚያው ናቸው። ጋሽ ነገ ግን ቤቱ ገብቶ አረንጓዴውን ቀሚስ አወጣ። የቀረው የአንድ እጅጌ ጠርዝ ብቻ ነበር። ዘምዝሞ ጨረሰው፣ ተኮሰው፣ ለሚስቱ ሰጣት። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

ጠዋት ለብሳው ወጣች። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ድልድዩን ረገጠች፣ እግሯ አልተያዘም። እስከ ማዶ ተሻገረች። አጋንንቱ ዘወር ዘወር እያሉ አሳለፏት፤ አንዱማ የቀሚሷን እጅጌ ዳሰስ አድርጎ «የሱ ስፌት ነው?» አላት። ጋሽ ነገ ከወዲህ ቆሞ ያያል።

መንገዱን አየችው። ከዚያ ተመለሰች፣ ፊቱ ደርሳ ሻንጣዋን አስቀመጠች።

«ወገቡ ጠቦኛል» አለችው። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት የለካኸው ነው። እንደገና ለካኝ።»

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። «ዛሬውኑ አደርሰዋለሁ» አላት።

«ምን አስቸኮለህ፣ ነገ ይደርሳል» አለችው፣ እንዲለካት ክንዷን ከፍ አድርጋ።