የቅሬው መሰላል

ከቤታችን ጀርባ፣ በግድግዳው ላይ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነጭ የቀለም መስመር ነበር። ከጣሪያው ሥር ይጀምርና ቁልቁል ወርዶ ወገቤ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ባለቤቴ ከመሰላል ሲወድቅ በእጁ የያዘው ብሩሽ የተወው መስመር ነው። ከመስመሩ ወዲህ ግድግዳው ነጭ ነው፣ ከመስመሩ ወዲያ ግራጫ ሲሚንቶ። ልብስ ሳሰጣ አየዋለሁ፣ ውኃ ስደፋ አየዋለሁ። እሱ ግን ከወደቀ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ወደ ጓሮ ዞሮ አያውቅም።

ቤታችን ከሚሴ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ተዳፋት ላይ ነው። ከፊት ያየው ሰው ዝቅተኛ ቤት ይመስለዋል። ከኋላ ግን ረጅም ሰው እጁን ዘርግቶ ቢዘል እንኳ ጣሪያውን አይነካም።

መሰላሉ የቅሬው ነበር። ቅሬ በሐዘንም በደስታም የሚያሰባስበን የሰፈር ማኅበር ነው፤ ድንኳኑ፣ ድስቱና መሰላሉ የሁላችንም ናቸው። መሰላሉን የተዋሰ ሰው ሲመልስ አንድ ሚስማር መትቶበት ይመልሳል። በእኛ ሰፈር ይህ እንደ ምስጋና ይቆጠራል። መርገጫውን የሚቀይር ግን የለም፤ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። እንዲህ በሚስማር ላይ ሚስማር ሲጨመርበት እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ተሰነጣጥቆ አለቀ። ባለቤቴ የረገጠው መርገጫ ሲሰበር እኔ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅም ነበር፤ ድምፁን ሰምቻለሁ። እሱ ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የተሰበረውን መርገጫ በሁለት ሚስማር ጠጋግነው መሰላሉን ወደሚቀጥለው ቤት ላኩት።

«ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ» አሉኝ ሊጠይቁ የመጡት ሁሉ። ቀደርን አምናለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ያንን የዛገ ሚስማር የመታው ግን ጎረቤቴ ነው፤ ስሙን አውቀዋለሁ፣ ሠርጉ ላይም በልቻለሁ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲቃረብ ግራጫው በኩል ሲሚንቶው ተሰነጣጠቀ። ቤቱ ከውስጥ ጭቃ ነው፤ ውኃ ከገባበት ግድግዳው ያብጥና ይናዳል። ይህን ስነግረው ባለቤቴ ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ቅዳሜ መሰላሉን አስመጥቼ ራሴ እጨርሰዋለሁ» አለኝ።

«በየትኛው እግርህ?» ብዬ ጮህኩበት።

ተቀየመኝ። እኔም ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ፣ ግን አልመለስኩትም። ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ ያን መሰላል ሊወጣ የፈለገው ስለ ግድግዳው ሳይሆን ስለ መውደቁ ነበር። ስለዚህ ቆረጥኩ። እሱ ሳይቀድመኝ ግድግዳውን እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ከዚህ ግድግዳም ዳግመኛ ሰው አይወድቅም።

ሐሙስ ዕለት የቅሬው ዳኛ መሰላሉን በሁለት ጎልማሶች አሸክመው ደጃፌ ደረሱ። ባለቤቴ ልኮባቸው ኖሯል።

«ኮቱ፣ ቀቢ!» አሉኝ። «ነይ ያዢ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቆምሻል?»

«ይመልሱት አባባ። ይሄ ዕቃ እኔ ግቢ አይገባም።»

«የቅሬውን ዕቃ?»

«ዕቃውን ነው የመለስኩት፣ ቅሬውን አልመለስኩም።»

«ታዲያ በምን ልትወጡ ነው? ክንፍ ልታበቅሉ?»

«በማይሰበር ነገር።»

«ወላሂ፣ አንቺ ልጅ ዓይን አውጥተሻል!»

አዎ፣ አውጥቻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁምጣ ለብሶ ከሚሮጥ ሰው ጋር ሳይሆን ከዘራ ከሚፈልግ ሰው ጋር ነው የኖርኩት። ዓይኔን ያወጣው ይሄ ነው። ዳኛው መሰላሉን ከአጥሬ ውጭ አስደግፈው ሄዱ።

ከዚያ ምክር ዘነበብኝ። አንዱ በርሜል ደርድረሽ ጣውላ ጣይበት አለኝ፤ ተዳፋት ላይ በርሜል! ሌላው የቅሬውን የድንኳን ቧንቧዎች አሳስሪ አለኝ። ቧንቧው ሸራ እንዲሸከም ነው የተሠራው፣ እኔን አይደለም፤ እኔ ደግሞ ቀላል ሴት አይደለሁም። አጣና በሚስማር እንምታልሽ ያሉም ነበሩ። ሚስማር የሚለውን ቃል መስማት ራሱ አስጠልቶኝ ነበር።

በማግስቱ የግንባታ ዕቃ ወደሚያከራየው ሱቅ ሄድኩ። ግንበኞች ካባሌቲ የሚሉት አለ፤ ሁለት ትይዩ ሲቆም ጣውላ የሚጋደምበት፣ ባለአራት እግር የብረት መቆሚያ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እናቴ?» አለኝ ባለሱቁ። «ግንበኛው የታል?»

«ግንበኛዋ እኔ ነኝ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንድ በአንድ አስወጣሁት። እያንዳንዱን መሬት ላይ አቁሜ ነቀነቅሁ፣ ገልብጬ ብየዳውን በጣቴ ዳሰስኩ። አንዱ እግሩ ጎብጦ ነበር፣ መለስኩት። ሌላው ብየዳው ተሰንጥቆ በቀለም ተሸፍኗል፤ እሱንም መለስኩት። ጣውላዎቹንም ሁለት ጫፋቸውን በድንጋይ አስደግፌ መሐላቸው ላይ ቆሜ ዘለልኩ።

«ከጨፋ ሮቢት ሳይቀር ግንበኛ እየመጣ ይወስዳል፤ እንዲህ የነቀነቀኝ ሰው የለም» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ለዚህ ነው ስንቱ የሚያነክሰው» አልኩት።

ሁለት ረጃጅም፣ ሁለት አጫጭር ካባሌቲና ወፋፍራም ጣውላዎች በጋሪ አስጭኜ ገባሁ። አጫጭሮቹ ለምን እንደሆኑ ሲጠይቁኝ ጉልበቴን ስለሚያመኝ እንደ ደረጃ ልረግጣቸው ነው አልኩ።

ሰዎች ተዳፋት ላይ ሲሠሩ ከዝቅተኛው እግር ሥር ድንጋይ ይሸጉጣሉ። እኔ አልሸጎጥኩም። ዶማ አነሳሁና አርብን እስከ መግሪብ ሶላት አፈሩን ቆፍሬ ደለደልኩት፤ እጄ ውኃ ቋጠረ። በየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ እንጨት አደረግሁ፣ ጣውላዎቹን ከብረቱ ጋር በገመድ ጠፈርኩ፣ ከላይ ደግሞ በወገቤ ልክ መያዣ የሚሆን አጣና ዙሪያውን አሰርኩ። ሚስማር አንድም አልመታሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ከቀሚሴ ሥር የባለቤቴን ሱሪ ታጥቄ ወጣሁ። ሰፈሩ በአጥሩ ላይ ተሰልፎ ነበር።

«የመስጊድ ሚናራ ልትሠሪ ነው እንዴ?» አለች አንዷ ጎረቤቴ።

«ሚናራ ቢሆንማ አንቺም ለሶላት በሰዓቱ ትነሺ ነበር!»

ሳቁ። ዳኛው ግን አልሳቁም። «ሴት ልጅ ግድግዳ ላይ፣ ነውር አይደለም?» አሉ።

«ነውሩ የቱ ነው አባባ፣ እኔ መውጣቴ ወይስ እሱ መውደቁ?»

ዳኛው አጥሩን ተደገፉ እንጂ አልሄዱም።

ላይ ስደርስ ፈራሁ። መፍራቴን አልደብቅም፤ አጣናውን ያዝኩት። ጣውላው ግን አልተንቀሳቀሰም። ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈንኩ፣ ከሰዓት በኋላ እስኪጠነክር ጠብቄ ከወዲያኛው ጥግ ጀምሬ ቀለም ቀባሁ። ግራጫው እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ መስመሩ ጋ ደረስኩ። እዚያ እጄ ቆመ። ብሩሹን አነሳሁ፣ አወረድኩ፤ አልሆነልኝም።

የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ባለቤቴ የቤቱን ጥግ ዞሮ ቆሟል። ግድግዳውን አላየም፤ ብረቱን በእጁ ያዘና በኃይል ነቀነቀው።

«አይነቃነቅም» አለ።

«አውቃለሁ።»

አጫጭሮቹን አያቸው። በአንደኛው በኩል የእጅ መያዣ አስሬ ነበር፤ በግራ፣ ከዘራ በማይዝበት እጁ በኩል። ሳብ አድርጎ ሞከረው።

«ይሄ ለጉልበትሽ ነው?»

«ለጉልበቴ ነው» ብዬ ዋሸሁ።

ከዘራውን ወደ ላይ አቀበለኝ። ተው ልለው፣ ልጮህበት ፈለግሁ። ግን እያንዳንዱን ብየዳ ዳስሻለሁ፣ እያንዳንዱ ጣውላ ላይ ዘልያለሁ። «ሱታ» አልኩት፣ «ቀስ ብለህ፣ ሱታ።» ቢስሚላህ ብሎ ረገጠ። ማንም ሳያዛቸው ዳኛው ቀርበው የብረቱን እግር በሁለት እጃቸው ያዙ።

ወጣ። ጎኔ ቆመ፣ ብሩሹን ከእጄ ወሰደና መስመሩ ከጀመረበት ከጣሪያው ሥር ጀመረ። ወደ ታች ቀባው፣ በዝግታ፣ እጁ እስከደረሰበት ድረስ። የተረፈውን በኋላ ከታች ሆኜ ጨረስኩት። እኔ እያለቀስኩ ነበር።

«መሰላሉንስ ምን እናድርገው?» አሉ ዳኛው ከታች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይፈለጥ» አልኩ።

ወደ መሰላሉ ዞረው አዩ። ብረቱን ግን አልለቀቁም።

ባለቤቴ ብሩሹን መለሰልኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ መያዣውን በግራ እጁ ጨበጠ። መጀመሪያ ከረጅሙ ወደ አጭሩ፣ ከዚያ ከአጭሩ ወደ መሬት። ከሦስት ዓመት በኋላ ከዚያ ግድግዳ በእግሩ ወረደ።