የሜዳውን ስልክ የሚያነሱት ሴት

ወንድሜ አንድ የበጋ ወቅት ፊንላንድ ሠርቶ ወደ ሮም ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ከልብስ ይልቅ የፕላስቲክ ዲስክ ይበዛ ነበር። እናታችን አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችና «ይሄ ደግሞ ምን ይበላበታል?» ብላ ጠየቀችው። ዲስክ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ እዚያ ተምሮ ነው የመጣው። እንደ ጎልፍ ነው፤ ኳስና ዱላ ግን የለውም። ዲስኩን ትወረውራለህ፣ የወደቀበት ሄደህ እንደገና ትወረውራለህ፣ ዙሪያውን ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ እስኪገባልህ ድረስ እንዲሁ ትቀጥላለህ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ አሸነፈ።

እኔ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ የምውል ሰው ነኝ። ወንድሜ እሁድ እሁድ መናፈሻ እየወሰደ ዛፍ እንደ ቅርጫት እያስመታ አስለመደኝ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሲያየን አፍር ነበር። በኋላ ዲስኩ ከእጄ ወጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ የማየው ነገር ሱስ ሆነብኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ሙቀቱ ሲጀምር «አሎራ፣ ስሚ እትዬ» አለኝ። «ኦቶብሬ ላይ ሁለታችንም ፌሪዬ አለን፤ ከሥራ እናርፋለን። መኪና እንከራይና ሜዳ ለሜዳ እየተጫወትን ወደ ሰሜን እንውጣ።»

ካርታ ገዝቶ መጣ። ስልኩ ላይ መንገዱን ማየት ይችላል፤ ግን በእርሳስ ማስመር ደስ ይለዋል። እናታችን የምትበላበትን የጠረጴዛ ጥግ ብቻ አስቀርተንላት ሌላውን ካርታው ሸፈነው። መጀመሪያ ሐይቅ ዳር ያለ ሜዳ፣ ቀጥሎ ቶስካና ውስጥ በወይራ ዛፎች መሃል የተሠራ፣ ከዚያ አፔኒን ተራራ ላይ አንድ፣ መጨረሻ ላይ ከቦሎኛ ወዲያ ሜዳማው አገር። የተራራው ሜዳ ሰው ጥሎት ሊያልቅ የደረሰ መንደር አጠገብ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው አንድ የደበዘዘ ፎቶ፣ «ማደሪያ አለ» የሚል ቃልና የስልክ ቁጥር ብቻ ነበር። ወንድሜ ከሁሉም በላይ የጓጓው ለእሱ ነው። «አንቺ ደውይ፤ ስልክ ላይ ትህትና ያለሽ አንቺ ነሽ» አለኝ።

ደወልኩ። «ፕሮንቶ» አለች አንዲት ሴት፤ ድምፅዋ በእናቴ ዕድሜ ያለ ሰው ድምፅ ነበር። ኦቶብሬ ላይ ሜዳው ክፍት እንደሆነ በጣልያንኛ ጠየቅኳት። ክፍት ነው አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ወደ ወንድሜ ዞሬ በአማርኛ «ስንት ሌሊት እናድራለን ልበላት?» አልኩት።

«አንድ ሌሊት ይበቃችኋል ልጄ» አለ ስልኩ በአማርኛ። «እዚህ ይበርዳል።»

ወንድሜ ሰምቶ ኖሮ ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ተራራ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ድምፅ እንሰማለን ብለን አልጠበቅንም። ይቅርታ ጠይቄ በ«እርስዎ» ማናገር ጀመርኩ። ሜዳውን በእጃቸው የሠሩት አንድ ሽማግሌ መሆናቸውን፣ ሴትዮዋ ራሳቸው ደግሞ የሽማግሌው ባዳንቴ፣ ማለት አስታማሚ መሆናቸውን ነገሩኝ። ሽማግሌው ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ የሚያነሱት ሴትዮዋ ናቸው።

«ሲኞሬውን ማነጋገር ይቻላል?» አልኳቸው።

«አሁን ሜዳው ላይ ናቸው። ጭጋጉ ከባድ ስለሆነ ከዚህ አይታዩኝም። ሲወረውሩ ግን ሰንሰለቱ ይሰማኛል። አይሰማሽም?»

ተሰማኝ። ከሩቅ፣ ቁልፍ እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ። ጊዜው ሉልዮ፣ የጣልያን የበጋ ሙቀት ነው፤ እኛ ቤት መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ላብ በላብ ሆነን ነበር። ስልኩን ስዘጋ ወንድሜን «በዚህ ሙቀት ጭጋግ አለ እንዴ?» አልኩት። «ተራራ አይደል? ቫ ቤኔ» ብሎ ካርታው ላይ ምልክት አደረገ።

አጎስቶ ላይ ስለ መንገዱ ልጠይቅ ደወልኩ። መታጠፊያውን፣ ድልድዩን፣ መኪና የሚቆምበትን ቦታ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ያን ቀንም ጭጋግ ነበር። ሽማግሌው ያን ቀንም ውጭ ነበሩ። ሴቴምብሬ መጨረሻ ላይ ደግሞ ደወልኩ፤ በዚያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር የምጠይቀው ነገር ስለነበረኝ ሳይሆን ድምፃቸውን መስማት ስለለመድኩ ነው። እናታችን እኛን ያሳደገችን በሰው ቤት እየሠራች ነው። የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ በለሆሳስ የሚያወራ ሰው ድምፅ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

«ለወንድምሽ ንገሪው» አሉኝ። «ሰባተኛው ቅርጫት ጋ ያለውን ትልቁን የካስታኛ ዛፍ ዛሬ ቆረጡት። አሁን በግራ በኩል ተከፍቷል። ድሮ የመጡት እንደሚሉት በቀኝ አይወርውር።»

ወንድሜ ደስ ብሎት ካርታው ጥግ ላይ ጻፈው።

ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን ቅዳሜ ምሳ ልንበላ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካለች ሐበሻ ቡና ቤት ገባን። ፀሐዩ የሮም የኦቶብሬ ፀሐይ ነው፤ ሰው በሸሚዝ ውጭ ተቀምጧል። ምግቡ እስኪመጣ የምንደርስበትን ሰዓት ላሳውቃቸው ብዬ ቁጥሩን ነካሁት።

ከኋላዬ ስልክ ጠራ።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ቀጥሎ ጥሪው ቆመና «ፕሮንቶ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አንዴ ከጀርባዬ፣ አንዴ ትንሽ ዘግይቶ ጆሮዬ ውስጥ። ወንድሜ ከትከሻዬ በላይ እያየ ነበር። ፊቱ ተለወጠ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ግራጫ ሹራብ የለበሱ ሴት ብቻቸውን ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ያለው የለስላሳ ማቀዝቀዣው ነው። እሱን ነው የሚያዩት፤ ግን ሩቅ ያለ ነገር እንደሚያይ ሰው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው።

ስልኩን መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁትም። «እኛ ነን እናቴ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «የምንመጣው።»

«እሺ ልጄ። ወፍራም ልብስ ያዙ። ዛሬ የመጀመሪያው ቅርጫት ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ሌላውን ሁሉ ጭጋግ ውጦታል።»

«ሲኞሬውስ?»

«ውጭ ናቸው። ይኸው፣ ወረወሩ።»

ሰንሰለቱ ጆሮዬ ውስጥ ተንኳኳ። ቡና ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረም፤ ወንድሜም ምንም አልሰማሁም ነው የሚለኝ። እኔ ሰማሁ።

ስልካቸውን ዘግተው ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። ስልኬን በእጄ እንደያዝኩ ነበር። ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ። አልደነገጡም።

«አንቺ ነሽ» አሉ። «ቁጭ በይ።»

ወንድሜም መጣ። የነገሩንን ሳናቋርጥ ሰማን። ሽማግሌውን ለዓመታት አስታመዋል። ሽማግሌው በጉልምስናቸው ውጭ አገር የተማሩትን ጨዋታ አምጥተው፣ ቅርጫቱን ራሳቸው በይደው፣ ጫካውን ራሳቸው መንጥረው ሜዳውን ሠሩት። የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው። ባለፈው ክረምት፣ እኛ መጀመሪያ ከመደወላችን ወራት ቀደም ብሎ፣ አንድ ጠዋት በጭጋግ ዲስካቸውን ይዘው ወጡ። በምሳ ሰዓት ሳይመለሱ ሲቀሩ ሴትዮዋ ፍለጋ ሄዱ። ሰባተኛው ቅርጫት ጋ ካስታኛው ሥር ዛፉን ተደግፈው ተቀምጠው አገኟቸው። የወንድማቸው ልጆች መጥተው ቀበሯቸው፣ ቤቱን ቆለፉ። ሴትዮዋም ሻንጣቸውን ይዘው ሮም ዳር ሮማኒና ያለ ዘመድ ቤት ገቡ። የሜዳው ስልክ በራሳቸው ስም የወጣ ስለሆነ አብሯቸው መጣ።

«ለሚደውለው ሰው መሞታቸውን ለምን አይነግሩትም?» አላቸው ወንድሜ።

«ልነግር እነሳለሁ። ስልኩ ሲጠራ ግን ያ ወጥ ቤት ይመጣብኛል። መስኮቱ፣ ጭጋጉ። እሳቸውም ውጭ ናቸው። ውጭ ያለን ሰው ሞቷል ብዬ እንዴት ልናገር?»

«የዛፉን ነገርስ ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ማን ይነግረኛል? ከዚያ አገር ሰው ጋር አልገናኝም። አየሁት ነው የምልሽ።»

አብረውን እንዲመጡ ለመንኳቸው። መኪናው ሰፊ ነው፣ ቢያዩት ይቀልዎታል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ከሄድኩ ስልኩን ማን ያነሳዋል?» አሉኝ። ይህን ያሉት እንደ ቀላል ነገር ነው። ወንድሜ ክንዴን ይዞ አስነሳኝ።

ቤት እንደገባን ወንድሜ ላጲስ አንስቶ የተራራውን ሜዳ ሊያጠፋው ጎንበስ አለ። «ታመዋል እትዬ» አለኝ። «የዛፉም ወሬ ከሕመማቸው ነው። እዚያ ሄደን ምን እናደርጋለን?» እናታችን የሆነውን ሁሉ ከነገርናት በኋላ የካርታውን ጥግ በመዳፏ አስተካከለች። «ሂዱ» አለች። «ሴትዮዋ ያየችው እውነት እንደሆነ እንኳ አንድ ሰው ይወቅላት።» ወንድሜ ላጲሱን አስቀመጠ።

የሐይቁ ሜዳ ነፋሻ ነበር፤ ሁለት ዲስክ ውሃ ውስጥ ገባብን። የወይራው ሜዳ ላይ ወንድሜ በደንብ አሸነፈኝ። በሦስተኛው ቀን ወደ ተራራው ወጣን። መታጠፊያው፣ ድልድዩ፣ መኪና ማቆሚያው ሴትዮዋ እንዳሉት ነበር። ቀኑ ጠርቷል፤ ጭጋግ የሚባል የለም። የቤቱ መስኮት ሁሉ ተዘግቷል። ሣሩ ጉልበታችን ይደርሳል፤ ቅርጫቶቹ መሃሉ ላይ ዝገው ቆመዋል።

ከመጀመሪያው ጀምረን ተጫወትን። ውጤት አልቆጠርንም። ሰባተኛው ጋ ስንደርስ ወንድሜ ቆመ። ካስታኛው ተቆርጦ ወድቋል። ጉቶው ነጣ ያለ ነው፤ የመጋዙ ብናኝ ገና ሣሩ ላይ ነበር። ቅርጫቱ በግራ በኩል ወለል ብሎ ይታያል።

ከታች ትራክተር ላይ እንጨት የሚጭን ጎልማሳ ሰው ነበር። ወርደን ሰላም አልነው። ዛፉን የቆረጠው እሱ ነው፤ ውስጡ በስብሶ ነበር አለን። መቼ እንደቆረጠው ስጠይቀው «ሴቴምብሬ ሲያልቅ» አለኝ።

«እዚህ ለነበሩት ኢትዮጵያዊት ሲኞራ ነግረሃቸው ነበር?»

«ለማን? እሷ ከቀብሩ በኋላ ሄዳለች። ቁጥሯን እኔ አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛፍ ነው የቆረጥኩት።» እንግዳ ነገር እንደጠየቅነው ሁሉ አየንና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ተመልሰን ወጣን። ወንድሜ ከሰባተኛው መወርወሪያ ላይ ቆሞ በግራ በኩል ወረወረ። ዲስኩ ቅርጫቱን በክንድ ያህል ስቶ ሣሩ ውስጥ ሲወድቅ ሁለታችንም አየን። ሰንሰለቱ ግን ተንኳኳ። ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። በዚህኛው ጊዜ ወንድሜም ሰማ። ዲስኩን ለማንሳት ሲሄድ ቅርጫቱን ዞሮ፣ በሩቅ በሩቁ ነው የሄደው። የቀሩትን ቅርጫቶች ትተን ወደ መኪናው ወረድንና ከተራራው በታች ያለች ከተማ አደርን። በማግስቱ ሜዳማው አገር ላይ ተጫውተን ጉዞውን ጨረስን፤ እዚያ ሰው ስለሞላ እንደ ልባችን አወራን፣ ሳቅን።

ከተመለስን በኋላ ሮማኒና ሄጄ ሴትዮዋን ጠየቅኳቸው። ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቷ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው የምታየው። ዛፉ መቆረጡን፣ ባለ ትራክተሩን፣ ሣሩ ማደጉን ነገርኳቸው። የሰንሰለቱን አልነገርኳቸውም። በጥሞና ሰሙኝ፤ ሣሩ ጉልበት መድረሱ ብቻ አናደዳቸው።

እዚያው እንዳለሁ ስልካቸው ጠራ። አነሱት፣ «ፕሮንቶ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቆዩ። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ዘረጉልኝ።

አንድ ጣልያናዊ ነው። በፀደይ ከጓደኞቹ ጋር ሊመጣ አስቧል፤ ሲኞሬውን ማነጋገር ይፈልጋል። ሴትዮዋን አየኋቸው። በዓይናቸው «ንገሪው» አሉኝ።

«ሲኞሬው ባለፈው ክረምት አርፈዋል» አልኩት። «ቤቱ ተዘግቷል። ቅርጫቶቹ ግን አሉ፤ መጫወት ትችላላችሁ።»

ሰውዬው ማዘኑን ተናግሮ ዘጋ። ጆሮዬን ጥዬ ነበር፤ ከመስመሩ ላይ ምንም ሌላ ድምፅ አልሰማሁም። ሴትዮዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እስከ ቀብሩም፣ ከቀብሩ በኋላም አልቅሰው እንደማያውቁ በኋላ ነገሩኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ ትከሻቸውን ያዝኩ።

ሲበቃቸው ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡ። የከሰዓት ሥራ ነበራቸው፤ አንዲት አሮጊት ጋ በሳምንት ጥቂት ቀን ይሄዳሉ። ሹራባቸውን አቀበልኳቸውና እስከ አውቶቡሱ ፌርማታ ድረስ ሸኘኋቸው።